«ማህፀን ያጸዳል» እያሉ የሚሸጡላችሁን ነገር እንዳትገዙ

እህቶች፣ ኦንላይን «ማህፀን ያጸዳል፣ መጥፎ ጠረን ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። እንዳትሸወዱ። በስስ ጨርቅ የተቋጠረች፣ ክር የተንጠለጠለባት የቅጠላ ቅጠል ድብልብል ናት። ብልት ውስጥ ገብታ ለቀናት ትቀመጣለች። ስትወጣ የሚከተላትን ወፍራም ፈሳሽና ቁርጥራጭ ሻጮቹ ፎቶ ያነሱና «ይኸው፣ ቆሻሻው ወጣ» ይላሉ። የምን ቆሻሻ! የተቆጣው የብልት ግድግዳ የላጠው ሽፋንና የቅጠሉ የራሱ ዝቃጭ ነው። ካቃጠለሽም «እየሠራ ነው» የሚል መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል።

ሽቶ ያለው የብልት መታጠቢያም፣ ወደ ውስጥ የሚረጨውም ያው ነው። ጠርሙሱን ገልብጠሽ አንብቢው፤ ፊቱ ላይ «ተፈጥሯዊ» ብሎ ጀርባው ላይ ሽቶ ይዘረዝርልሻል። የብልት ውስጠኛ ክፍል ራሱን በራሱ ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመረቱ በመውለጃ ዕድሜ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ3.8 እስከ 4.5 ያቆዩታል። እነሱን አጥበሽ ካስወጣሽ ሽታ አምጪዎቹ ይፈነጩበታል፣ ሽታው ይብሳል፣ አንቺም ሁለተኛ ጠርሙስ ትገዣለሽ። ለነጋዴው አሪፍ ቢዝነስ ነው።

የሚያናድደኝ ግን በጤነኛ ነገር ማስፈራራታቸው ነው። እንቁላል በሚለቀቅበት ሰሞን ፈሳሹ እንደ እንቁላል ውሃ ጥርት ብሎ ይሳባል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ጠረንም ያለ ነው። የሚያሳስበው ከለመድሽው ሲለይ ነው። ስስና ግራጫማ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ሽታው ከጠነከረ፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) ሊሆን ይችላል። ወፍራም፣ ነጭና የተቆራረሰ ሆኖ ክፉኛ የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይሸትም። አረፋ ያለው ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ ትሪኮሞናስ (በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ) ሊሆን ስለሚችል አጋርሽም አብሮሽ መታከም አለበት። ለባክቴሪያው የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ፈንገስን አይነካም፣ የፈንገስ መድኃኒትም ባክቴሪያውን አይነካም፤ ስለዚህ በግምት ከመዋጥ የፈሳሽ ምርመራ ይሻልሻል።

ትኩሳት ወይም ከእምብርት በታች ሕመም ካለ፣ ከወር አበባ ውጪ ደም ከታየ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ዛሬ ነገ አትበይ፣ ታከሚ። ያቺን ድብልብል ያስገባሽ ካለሽ ደግሞ አሁኑኑ አውጫት። ክሩ ከተበጠሰ ሐኪም ያውጣልሽ። ሻጩን እንዳትጠይቂው፤ «ራሷ ትወጣለች» ይልሽና ብሎክ ያደርግሻል።