ለደሴው የሰርቨር ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከደሴ መጥቶ ሰርቨራችንን፣ ማለትም የአባላት ሒሳብ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተራችንን፣ የጠገነልንን ወንድማችንን በአደባባይ ለማመስገን፣ በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በመጋዘን ሰርቨር ያላችሁ የአካባቢያችን ሰዎችም እንድታውቁት ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሰርቨሩ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ከጉልት ነጋዴ እስከ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አባሎቻችን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ያስቀመጡት ገንዘብ የተመዘገበው እዚያ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የጠራነው ሰው ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቅ ኃይል ያልተቋረጠበትን ማሽን ከፍቶ ነካካው፤ አንዱን ዲስክ መዝዞ ሌሎቹን ሊያወጣ ሲል ባልደረባችን ባትከለክለው ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ሳስበው አሁንም እደነግጣለሁ። በመጨረሻም «ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ። ቀጥሎ ያነጋገርነው ደግሞ ቀብድ ከወሰደ በኋላ ስልኩን ዘጋብን። የሰው አደራ ይዞ እንዲህ መንገላታት እጅግ ያማል።

የደሴው ባለሙያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ እንደደረሰ ማሽኑን አልነካም። መብራት የጠፋው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተቀየረ፣ የመረጃው ቅጂ ሌላ ቦታ መኖሩን ጠየቀና ጻፈ። ኃይሉ ሲቋረጥ ስለሚጠፉ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን አስቀድሞ ፎቶ አነሳ፤ ገመዶቹንም አንድ በአንድ በወረቀት ምልክት አደረገባቸው። ከዚያ ሁለቱንም የኃይል ገመዶች ነቀለ። ማሽኑ ሁለት እንዳለውና አንዱን ብቻ መንቀል እንደማያጠፋው ከእርሱ በፊት የነገረን አልነበረም። ገመዶቹ ከወጡ በኋላም ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ያዘና፣ መብራቶቹ በሙሉ እስኪጠፉ ጠበቀ።

ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ከማሽኑ ብረት ጋር የሚገናኝ ማሰሪያ በእጁ አንጓ ላይ አሰረ። ባልደረባችን ለማየት ጠጋ ብላ እጇን ስትዘረጋ «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ጠብቂኝ» አላትና፣ ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ እኛን ሳይነዝረን ዕቃውን ሊያበላሽ እንደሚችል በትሕትና አስረድቶ ለእርሷም ማሰሪያ ሰጣት። ዲስኮቹ ላይ የየማስገቢያቸውን ቁጥር ጻፈ፤ ቦታቸው ቢለዋወጥ መረጃው ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል አለን።

በጣም የነካኝ ግን አዛውንቱ ሊቀመንበራችን «ልጄ፣ የሰዉ ገንዘብ መዝገብ ጠፋ?» ብለው በጭንቀት ሲጠይቁት የመለሰላቸው ነው። ሥራውን አቁሞ ብድግ አለና «አባባ፣ አብሽሩ። እስካሁን የጠፋ ነገር አላየሁም፤ ያላየሁትን ግን አልነግርዎትም። እያንዳንዱን ደረጃ ስጨርስ እነግርዎታለሁ» አላቸው። ቃሉንም ጠበቀ፤ በየመሀሉ እየተነሳ ይነግራቸው ነበር። ከዚያ በፊት ያነጋገርናቸው ሰዎች እኚህን አባት ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም ነበር።

ከኮምፒውተሩ የማስታወሻ (ሜሞሪ) ክፍሎች አንዱ ከቦታው ላላ ብሎ እንደነበር ነገረን፤ ከዚያ በላይ ያብራራውን እኔ አልተረዳሁትም። ማን እንዳላላው ብንጠይቀውም የማንንም ስም ማንሳት አልፈለገም። ሰርቨሩ ተነሥቶ የአባላቱ ሒሳብ ሳይጎድል ሲከፈት ሊቀመንበራችን ቆመው መረቁት። እርሱ ግን የመረጃው ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳያይ አልሄደም፤ የጠየቀውም ክፍያ አስቀድሞ የተናገረውን ብቻ ነው።

እባካችሁ፣ ሰርቨራችሁ ሲቆም ያገኛችሁትን ሰው አታስነኩ፤ እርሱን ጥሩት። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻም ይወርዳል። ስልኩን እዚህ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄው እሰጣለሁ። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፤ አላህ ይስጥልን፣ እግዚአብሔር ያክብርልን።