መጠቅለል ወይስ እጅን መልቀቅ? መገላበጥ የጀመረ ሕፃን እንቅልፍ

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የጮቄ ተራራ ብርድ ሲወርድ ሕፃንን በጋቢ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል የአያቶቻችን የመጀመሪያ መልስ ነው። በጀርባው ለተኛ አራስ እውነትም ይረዳል፤ በገዛ እጁ መወራጨት አይደነግጥም፣ ረጋ ብሎ ያንቀላፋል። ነገሩ የሚለወጠው ልጁ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ3 እና በ4 ወር መካከል፣ አንዳንዱም ቀደም ብሎ። እጁ የታሰረ ሕፃን በሆዱ ከተገለበጠ ክንዱን ተመርኩዞ ፊቱን ከፍራሹ ማንሳት ያቅተዋል፤ ሊታፈን ይችላል። የላላ ጋቢም ፊቱን ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ አልብሶ እጁን ነጻ መተው ነው። ጉድለት አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ እናትም አብራ ታነጋለች። እኔ ግን ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፤ በሁለቱም በኩል ራሱ መገላበጥ ከቻለ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየተነሱ መመለስ አያስፈልግም። ፍራሹ ጠንካራና ዝርግ ይሁን። ዙሪያውን ትራስ መደርደር (የብዙዎቻችን ብልሃት!) ራሱ አፋኝ ነው። ከፍ ካለ መደብም ሊወድቅ ይችላል፤ በእናቱ ክፍል ለብቻው ዝቅ ያለ ቦታ ይሻላል።

«ይበርደዋል» የሚሉ እማማ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይዳስሱ፤ የእጁ መቀዝቀዝ ብቻውን ምልክት አይደለም። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።