ሊብኤክስኤምኤል2፣ ዜርሲስ ወይስ ሳክሰን? የስኪማ ቫሊዴተር ለምትመርጡ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሱፍ ነጋዴዎች የደረሰኝ ሶፍትዌር እንሠራለን። ደረሰኞቹ ኤክስኤምኤል በሚባለው የፋይል ቅርጽ ይጻፋሉ። ስኪማ የፋይሉን ሕግ ይደነግጋል፣ ቫሊዴተር ደግሞ ፋይሉ ሕጉን መጠበቁን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። ስኪማችን ላይ «ዕቃ» የሚባል ታይፕ (ዓይነት) አለ፤ ስምና ዋጋ ይይዛል። «ባና» እና «በርኖስ» ከእሱ ይወርሳሉ። ባና ርዝመትና ክብደት ይጨምራል፣ በርኖስ ቁመት። ደረሰኙ ላይ ኤለመንቱ (ስም ያለው የፋይሉ ክፍል) ያው «ዕቃ» ነው፤ ባና መሆኑን የሚናገረው «ኤክስኤስአይ ታይፕ» የሚባለው አትሪቢዩት (ኤለመንቱ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ) ነው።

ባና ዕቃን አስፍቶ ስለወረሰ ስምና ዋጋ ይቀድማሉ፣ ክብደት ከኋላ ይመጣል። አንድ ጊዜ ክብደት ከዋጋ በፊት ገብቶብን የመንዝ ጭነት ደረሰኝ ግማሽ ቀን ቆመ። ያኔ ነው ቫሊዴተር መምረጥ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የገባኝ።

ሊብኤክስኤምኤል2 ነጻ ነው፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ፓይተን የምትጽፉ ኤልኤክስኤምኤል በሚባለው ላይብረሪ በኩል ታገኙታላችሁ። መስመሩን ጠቅሶ «ይህ ኤለመንት አልተጠበቀም፣ የሚጠበቀው ዋጋ ነው» ይላችኋል። ግን የሚያውቀው በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስኪማ 1.0 ብቻ ነው።

ዜርሲስም ነጻ ነው፣ በጃቫ ይሠራል። የእኔ ምርጫ እሱ ነው፤ ምክንያቱም የ2012ቱን 1.1 ይችላል። በ1.1 «ዓይነት» የሚል ተራ አትሪቢዩት ላይ «ባና» ከተጻፈ ታይፑ በዚያው ይመረጣል። መዝጋቢዋ ኤክስኤስአይ ታይፕን ብትረሳም ችግር የለም። ጠቅላላ ዋጋው ከብዛትና ከነጠላ ዋጋ ብዜት ጋር መግጠሙንም ስኪማው ራሱ ይፈትሻል። ልብ በሉ፦ ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው 1.0 ብቻ ነው፤ የ1.1ዱን ለብቻው ማውረድ አለባችሁ።

የሳክሰን ነጻ እትም ስኪማ ጭራሽ አይፈትሽም። የሚፈትሸው የሚሸጠው፣ ኢኢ የሚባለው እትም ነው፣ 1.1ንም ይችላል። ኤክስኤስኤልቲ ወይም ኤክስኪዌሪ (ኤክስኤምኤልን የሚቀይሩና የሚጠይቁ ቋንቋዎች) ከታይፖቻችሁ ጋር አያይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግዙት፣ ገንዘቡን ያወጣል። ለፍተሻ ብቻ ከሆነ ግን አልመክርም።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት የተበላሹ ፋይሎች አዘጋጁ። በአንዱ ስኪማው ላይ «ዕቃ»ን አብስትራክት (ራሱ የማይሠራ፣ ወራሾቹ ብቻ የሚሠሩለት) አድርጉና ያለ ኤክስኤስአይ ታይፕ ላኩት። በሌላው አብስትራክቱን አንሱና «ብሎክ» (ወራሽ እንዳይተካ የሚከለክለው ቦታ) ላይ ኤክስቴንሽን (አስፍቶ መውረስ) ጽፋችሁ ባናን ላኩ። ሁለቱም መውደቅ አለባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዕቃ» ያልኩት ለማስረዳት ነው እንጂ ፋይላችን ላይ የኤለመንት ስሞቹ በላቲን ናቸው። ኤክስኤምኤል 1.0 ግዕዝን ለስም የፈቀደው በ2008ቱ አምስተኛ እትም ነው፤ ዜርሲስ የሚሄደው በቀድሞው ሕግ ነው። ውስጡ የሚጻፈው አማርኛ ግን በሦስቱም ያልፋል።