«ድምፅ የላትም» ተብላችሁ መኪና እንዳትገዙ

ጎንደር ውስጥ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምትዞሩ ሰዎች ይህችን አንብቡ። በተለይ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ የምትፈልጉ። በተለይ በተለይ ደግሞ ደላላው «ድምፅ የሚባል ነገር አታውቅም» ብሎ የማለላችሁ።

ድምፅ የማይሰማባት መኪና ጤነኛ ልትሆን ትችላለች። ለገዢ ተብላ ዝም እንድትል የተደረገችም ልትሆን ትችላለች። ፒያሳ ላይ ታጥባ ስትቆም ይህችን ከዚያች መለየት አይቻልም።

የባለቤቴ ወንድም በቅርቡ የገዛት መኪና ነገር ስላንገበገበኝ ነው የምጽፈው። የሻጩንም የደላላውንም ስም አልጠራም። የቀጠሩት ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ሞተሯ ሞቋል፣ ሙዚቃው ተከፍቷል። «ወንድምዓለም፣ አንዲት ነርስ ናት የያዘቻት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት» አለ ደላላው። (ይቺ ነርስ ስንት መኪና እንደነበራት እግዜር ይወቀው። እዚህ ከተማ የሚሸጠው ሁሉ የሷ ነው።) ከዚያ በአስፋልቱ ወደ አዘዞ ነዷት። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ቁልቁለቱም ይበዛል። ሞተሩ ምንም አልለፋም። በዚያው ቀን ቀብድ ተከፈለ።

ጉዱ የወጣው ሰርቪስ ስትገባ ነው። መካኒኩ ዘይቱን ሲያወርድ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ሆኖ አገኘው። በልኩ ዘይት ከተሞላላት በኋላ ሞተሩ ውስጥ ቡና በሙቀጫ የሚወቀጥ ይመስል ጀመር። ነዳጅ ሲሰጣት ይብሳል። ብሮንዚናው አልቋል። ብሮንዚና ማለት ፒስተኑ የሚገፋው ዘንግ ክራንክ ሻፍቱን (የሚሽከረከረውን የሞተሩን ዋና ዘንግ) የሚይዝበት ስስ ብረት ነው። እሱ ሲያልቅ ክፍተት ይፈጠርና ብረት ከብረት ይጋጫል። ወፍራም ዘይት ያንን ክፍተት ይሞላዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። አያድነውም። መድኃኒቱ ሞተር ማውረድ ነው። ዋጋውን ከፍሎ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ቀዝቃዛ ሞተር ነው። መኪናዋ ያደረችበት ድረስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሂዱ። ኮፈኑን አስከፍቱና መዳፋችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሙቀት ካለው ሰውዬው ቀድሟችኋል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሬዲዮውን አስጠፉ፣ መስኮቱን አውርዱ፣ እናንተ ውጭ ቁሙና ሌላ ሰው ያስነሳት። የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ብዙ ይናገራሉ። የቪትዝ ሞተር ባልቦላዎቹን (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ክዳኖቹን) የሚያንቀሳቅሰው በሰንሰለት ነው፣ በቺንጋ አይደለም። ዘይት በጊዜው ሳይቀየር የኖረ ከሆነ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ወጥሮ የሚይዘውም ዕቃ ይደክማል። ያኔ ጠዋት ስትነሳ «ቀቀቀቀ» ብላ ዘይቱ ሲደርስ ዝም ትላለች። ከሰዓት የሄደ ሰው ይህን በፍጹም አይሰማውም።

አንዳንዱ ድምፅ ደግሞ የሚመጣው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው። ሲሞቅ ዘይት ይቀጥናል፣ ያለቀው ነገር ያኔ ይጋለጣል። ስለዚህ አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ሰምታችሁ «እሺ ደህና ናት» እንዳትሉ። ንዷት፣ አሙቋት፣ ከዚያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አቁማችሁ እንደገና ስሟት።

የት ትንዷት? ደላላው ወደ አዘዞ ይላችኋል። እናንተ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገት በሉ። ዳገት ላይ፣ ዝቅ ባለ ዙር፣ ማርሽ ሳትቀንሱ ትንሽ ነዳጅ ስጧት። ብሮንዚናው የደከመ ሞተር እዚያ ላይ አይደበቅም። ቀጠን ያለ «ቅጭልጭል» ከሰማችሁ ግን ያ ሌላ ነው፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ነው። ምክንያቱ የተጠራቀመ ካርቦን፣ የማቀጣጠያ ሰዓት መዛባት ወይም የቤንዚኑ ጥራት ሊሆን ይችላል። ወደ መተማ የምትመላለሱ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ በዚህ የተነሳ ይህ ድምፅ እዚህ ይቀንሳል። እዚህ ዝም ያለች መኪና ቆላ ወርዳ ሙቀቱና የአየሩ ግፊት ሲጨምር ልትጮህ ትችላለች።

ከዚያ ኮብልስቶን። በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ቸር መንገድ ነው ለገዢ። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ከታች «ኳ ኳ» ካለ ጎሚኒ (በብረቶቹ መሃል ያለው ላስቲክ) ወይም አሞርዛተር (የመንገዱን ንጠት የሚያበርደው ዕቃ) ሊሆን ይችላል። እነዚህ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ናቸው እንጂ መኪና ጥሎ ለመሮጥ አይደሉም። ግን መካኒኩ ቦል ጆይንቱንም (የፊት ጎማውን የሚይዘውን መገጣጠሚያ) ነቅንቆ ይየው፤ እሱ ሲላቀቅ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መሪ የሚባል ነገር አይኖራችሁም።

ሜዳ ስታገኙ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ቀስ እያላችሁ ነዳጅ ስጡ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ሲቪ ጆይንት እያለቀ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ላስቲኩን እዩት። ተቀዶ ግራሱ ከተረጨ ድምፁ ገና ባይጀምርም አይቆይም። ላስቲኩ አዲስ ሆኖ ድምፁ ካለ ደግሞ ሰው እንዳይታይ ሸፍኖታል።

የአዘዞ መንገድ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፣ ለኩሽኔታ (ጎማው በልስላሴ እንዲዞር ለሚያደርገው ዕቃ)። በ60 እና በ80 መሃል ስትሄዱ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያድግ «ዝዝዝዝ» ካለ ልብ በሉ። የጎማ ድምፅ የአስፋልቱ ዓይነት ሲቀየር ይቀየራል። የኩሽኔታ ግን መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትዘነብል ነው የሚቀየረው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ጭነቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ከባሰ በአብዛኛው የቀኙ ነው።

ፍሬን ስትይዙ ቀጭን «ሲጥ» የሚለው ብዙ ጊዜ ሸራው ማለቁን እንዲያስጠነቅቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ብረት ነው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ከተሰማ ግን ሸራ የለም። በዚያ ፍሬን ሊማሊሞን ልውረድ የሚል ሰው ንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያግኝ።

ማርሽ ያላት መኪና ከሆነች ቆማችሁ በዜሮ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ልቀቁት። ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲለቀቅ ጮሆ ሲረገጥ ዝም የሚል ግን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ይከብዳል። ሚኒባስ የምትገዙ የዲፈረንሻሉን (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች ያሉበትን) ዘይት ትንሽ አስወርዳችሁ እዩት። የሚያለቅስ ጥርስ ዝም እንዲል ሰጋቱራ መጨመር የቆየ ተንኮል ነው። ዘይቱ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ካያችሁ ሰላም ብላችሁ ሂዱ።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹ። የገዛችኋት መኪና አንድ ቀን ድምፅ ስታወጣ «ሞተር ይውረድ» ለማለት የሚቸኩል ጋራዥ አለ። ይህም ያው መጥፎ ግዢ ነው፣ ገንዘቡ በሌላ በር ወጣ እንጂ። «ቲክ ቲክ» የሚል ሁሉ ባልቦላ አይደለም። የጭስ መውጫው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት ሲያፈስ በትክክል እንደዚያ ይላል፤ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ይጠፋል። ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ላይ ያለች የላላች ቆርቆሮ ስንቱን አስደንግጣለች። መካኒኩ ከሞተሩ ውጭ ያለውን፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ እንዲያስነሳው ጠይቁት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ዲናሞው ወይም የውሃ ፓምፑ ወይም ራሱ ቺንጋው አካባቢ ነው፣ የሞተሩ ሆድ ውስጥ አይደለም። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያዳምጥ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ቦታውን ራሳችሁም እንድትሰሙት ያደርጋል። ሳይሰማ ከሩቅ ሆኖ ዋጋ የሚናገረውን ግን አመስግናችሁ ውጡ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይስጣችሁ።

ወደ ግዢው ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰው የሚበላው ቀብድ ላይ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሲነዳት መካኒክ አብሮት አልነበረም፤ «ቀብዱን አስይዝና መካኒክህን ነገ አምጣ» ተባለ። በነጋታው ማን ይመለሳል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ናት የእናንተ በር። የቀብዱ ወረቀት ላይ «መካኒክ በቀዝቃዛ ሞተር አይቷት ችግር ካገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ፣ ሻጩ ይፈርም፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም፤ ደላላው ኮሚሽኑን ከያዘ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ይህን ስትጠይቁ «ሌላ ገዢ ከባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው» መባሉ አይቀርም። ይምጣ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ እስኪደርስ መካኒካችሁ ሁሉንም አይቶ ይጨርሳል።