ሬሳ የተከሰሰበት መዝገብ፦ የስኮትላንድ ፓርላማ ሰነዶች በነጻ

አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ተከሳሽ ፍርድ ሳያገኝ ከሞተ የምጽፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ተከሳሹ በመሞቱ ክሱ ተቋርጧል፤ መዝገቡ ተዘግቷል»። እዚህ ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ ከመጣሁ በኋላ፣ ከሌሊት ፈረቃ የተመለስኩ አንድ ጠዋት፣ የስኮትላንድ ፓርላማ በ1600 (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሁለት ሬሳ ፊቱ አስቀርቦ በክህደት እንደፈረደባቸው አነበብኩ። እንቅልፌ ጠፋ።

ያነበብኩት የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ባቀረበው የስኮትላንድ ፓርላማዎች መዝገብ ላይ ነው። ከ1235 እስከ 1707 ያለው ዐዋጅ፣ ቃለ ጉባኤና ፍርድ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ክፍያ የለውም። የድሮው ጽሑፍና የዛሬ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ጎን ለጎን ይከፈታሉ። በንጉሡ ስም ገብታችሁ ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን ትመርጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ቁጥር አለው። መዝገብ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ቁጥር ያለው ፋይል ሲያይ ምን እንደሚሰማው የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። በስልክ ግን ሁለቱ ዓምዶች ይጠባሉ፤ ሰፋ ባለ ስክሪን ክፈቱት።

እኔ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት ንጉሥ ጀምስ ስድስተኛ ዘመን፣ 1600፣ ኅዳር ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 5 ቀን ንጉሡ ፎክላንድ ከሚባለው የስኮትላንድ ቤተ መንግሥቱ ለአደን ሲወጣ አሌክሳንደር ሪቨን የሚባል ወጣት መኳንንት ቀርቦ፣ ወርቅ የሞላበት እንስራ ይዞ የተገኘ ሰው እንዳለ ይነግረዋል። ንጉሡ አደኑን ጨርሶ ፐርዝ ከተማ ወደሚገኘው የወንድምዬው ቤት ይሄዳል፤ ወንድምዬው የጋውሪ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጆን ሪቨን ነው። ከምሳ በኋላ ንጉሡ ከማማው መስኮት «ክህደት! ሊገድሉኝ ነው!» እያለ ይጮሃል። ሰዎቹ ሲደርሱ ሁለቱም ወንድማማቾች ይገደላሉ። ኧርሉ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ እዚህ ላይ መዝገቡ ይዘጋል። እነሱ ዘንድ ተከፈተ። ሬሳዎቹ እንዳይበሰብሱ ተደርገው ከሦስት ወር በላይ ቆዩ፤ ኅዳር 15 ቀን ኤዲንብራ ፓርላማ ፊት ቀረቡ። ምክንያቱ ርስቱ ነው። በክህደት ያልተፈረደበት ሰው ርስት ለወራሾቹ ያልፋል፤ ርስቱ ለዘውዱ እንዲገባ ደግሞ ፍርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሙታንም መጥሪያ ወጣ፣ ምስክር ተሰማ፣ ፍርድ ተነበበ። የመጀመሪያውም አልነበረም፤ በ1562 ከኮሪኪ ውጊያ በኋላ የሞተው የሃንትሊ ኧርል በማግስቱ ዓመት ሬሳው ፓርላማ ቀርቦ ተፈርዶበታል፣ ያውም የጀምስ እናት ንግሥት ሜሪ ተቀምጣ።

የምስክሮቹን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን ቀን ከንጉሡ ጋር የነበረው መኳንንት፣ የሌኖክሱ ዱክ፣ በሰጠው ቃል ላይ የጋውሪ ቤት ዘበኛ አለ። ጋውሪ ለእንግዶቹ «ንጉሡ ወጥቶ ሄዷል» ሲል፣ ዘበኛው አልወጣም ይላል። ጋውሪ በጓሮ በር ወጥቷል ሲል፣ ዘበኛው ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው ብሎ ይመልሳል። ጌታውን ፊት ለፊት! ሌላው ምስክር የቤቱ አገልጋይ አንድሩ ሄንደርሰን ነው፤ የጦር ልብስ ለብሶ ማማው ክፍል ውስጥ እንደተቆለፈበት፣ ለምን እንደሆነ ግን እንዳልተነገረው ያስረዳል። ስንት ምስክር ሲያወላውል ሰምቼ የጻፍኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

መዝገቡ የማይሰጣችሁ ነገር የሌላውን ወገን ቃል ነው። ከሙታኑ ወገን የተናገረ የለም። ንጉሡ ለጋውሪ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ነበረበት፤ የሁለቱ ወንድማማቾች አባትም በ1584 በክህደት አንገቱ ተቀልቷል። በዚያው ዘመን እንኳ ሮበርት ብሩስ የሚባለው የኤዲንብራ ሰባኪ የንጉሡን ትረካ ተቀብሎ ከመድረክ ለማመስገን አሻፈረኝ በማለቱ ተሰደደ። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ ስታነቡ የከሳሽን ፋይል እንደምታነቡ አድርጋችሁ አንብቡ።

ፍርዱ ከባድ ነው። ክብራቸውና ርስታቸው ተወረሰ። ሪቨን የሚባለው ስም ራሱ እንዲጠፋ ታዘዘ፤ የቤተሰቡ ግንብ ሳይቀር ሀንቲንግታወር ተባለ። ሬሳዎቹ ተሰቅለው ተቆራረጡ፣ ራሳቸው ኤዲንብራ ተሰካ፣ ሌላው አካል ለፐርዝ፣ ለስተርሊንግና እኔ ለምኖርባት ለደንዲ ተላከ። ታናሽ ወንድማቸው ፓትሪክ ምንም ሳያደርግ ለንደን ግንብ ውስጥ እስከ 1622 አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። ስማቸው የተመለሰላቸው በ1641 ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ አምስቱንም እሰጣለሁ። ሕግ ለሚማር ልጅ፣ በተለይ ርስትና ሥልጣን እንዴት እንደተጋመዱ ማየት ለሚፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ በነጻ የሚገኝ ነገር አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ በባቡር ፐርዝ ወረድኩ። የጋውሪ ቤት የነበረበት ቴይ ወንዝ ዳር ዛሬ የከተማው ፍርድ ቤት ቆሟል። ቀኑ ቅዳሜ ነውና በሩ ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ታብሌቴን አወጣሁና የዘበኛውን ቃል እንደገና አነበብኩት።