ክፍት ኩሽና ወይስ ዝግ ኩሽና?

አዲስ አበባ ውስጥ በአዳዲስ አፓርታማዎች ኩሽናውን ከሳሎን ጋር አንድ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። ክፍቱ ጠባብ ቤትን ያሰፋል፣ ብርሃን ያስገባል፤ የግድግዳና የበር ወጪም ይቀራል።

ዋናው ፈተና አየሩ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው ሽታና እንፋሎት መጋረጃና ሶፋ ውስጥ ይገባል። የጭስ መምጠጫ በሰዓት የክፍሉን አየር 10 ጊዜ ያህል እንዲቀይር ታስቦ ይመረጣል። ከፍታው 2.7 ሜትር ከሆነ፣ 8 ካሬ ሜትር ዝግ ኩሽና በሰዓት 216 ሜትር ኩብ አየር የሚስብ መምጠጫ ይበቃዋል፤ ከሳሎን ጋር 30 ካሬ ሲሆን ግን 810 ይጠይቃል። የመምጠጫው ቱቦ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ በውስጡ ያለው የከሰል ማጣሪያ ሽታውን ቢቀንስም እንፋሎቱን መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ዝጉ ሽታን ያግዳል፣ ያልታጠበ ዕቃም ይሸፍናል። መስኮቱ በቂ ካልሆነ ግን ይታፈናል፤ አብሳዩም ከቤተሰቡ ይነጠላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በሁለቱም የራሱ መስመር ይፈልጋል፦ 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘርጉ።

እንጀራ ለሚገዛ ትንሽ ቤተሰብ ክፍቱ ይስማማል። በየሳምንቱ ለሚጋግርና ድግስ ለሚያበዛ ዝጉ ይሻላል። ክፍቱን ገዝተው ሽታው ላስቸገራቸው ተንሸራታች የመስታወት በር ብርሃኑን ሳይከለክል ይለያል።