ጅማ ላይ ሆኖ የትኛው ይገዛ? ዱቄቱ ፒኢአይ፣ ማር መሳዩ ወይስ ሊፒዱ

ሴል ውስጥ ጂን የሚያስገባ ሪኤጀንት ልታዝዙ ነው? ጅማ ከሆናችሁ ከዋጋው በፊት ፍሪጃችሁን እዩት።

ሁለቱ የፒኢአይ (ፖሊኢቲሊንኢሚን) ዓይነቶች፣ ዱቄቱና ማር መሳዩ፣ እንዲሁም ሊፒዱ (ቅባቱ) ሥራቸው አንድ ነው። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ የሴሉ ገጽም እንደዚያው፣ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ፖዘቲቭ የሆነ ነገር ዲኤንኤውን ጠቅልሎ ሲያሳንሰው ግን ሴሉ ይውጠዋል።

እነ ሊፖፌክታሚን፣ ማለትም ሊፒዶቹ፣ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ በረዶ ከሆኑም ተበላሹ። ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዴ ያስመጣነው ሳጥን ቅዳሜ ማታ ደርሶ ሰኞ ተከፈተ። በረዶው ውሃ ሆኖ ካርቶኑን አበስብሶታል። በጂኤፍፒ (አረንጓዴ በሚያበራ ፕሮቲን ጂን) ስንሞክረው ማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ያበራው ሴል በጣት የሚቆጠር ነበር። ብሩ ቀለጠ።

ፒኢአይ ሰው ሠራሽ ፖሊመር (ረጅም ሞለኪውል) ነው፤ ለዚህ ሥራ የታወቀው በ1995 ነው። ቅርንጫፋሙ ዓይነት ልክ እንደ ማር ነው፣ ከፒፔት ጫፍ አልወርድ ይላል። ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ ሴል ላይ ግን ይጨክናል። እኔ አልገዛውም።

ቅርንጫፍ የሌለው፣ ቀጥ ያለው ፒኢአይ ነጭ ዱቄት ነው። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳዩ አይደለም። ስታዝዙ ግን መለያውን አንብቡ። ፍሪ ቤዝ (ጨው ያልሆነው) የሚል ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም፤ ማሞቅ ወይም በአሲድ ፒኤቹን ወደ 2 አውርዶ ወደ 7 መመለስ ነው። ከሰዓቱ በዚሁ ያልቃል። የሃይድሮክሎራይድ ጨው የሆነውና 40 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ተብሎ የሚሸጠው ግን በውሃ ይሟሟል። ፒኤቹን 7 አድርጋችሁ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር ማሳለፍ ነው የሚቀረው። ቢወደድ እንኳ እሱን ውሰዱ።

ሂሳቡን እንሥራው። ለባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት፣ ለአንዱ ጉድጓድ 2 ማይክሮግራም ዲኤንኤ ከ6 ማይክሮግራም ፒኢአይ ጋር መነሻ ይሆናል። 1 ግራም ፒኢአይ ከ160 ሺህ ጉድጓድ በላይ ይበቃል ማለት ነው። ሊፒዱ የሚሸጠው በሚሊሊትር ነው! የተሟሟውን ፒኢአይ በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ቢቀልጥባችሁም ዱቄቱ አለ።

የነርቭ ሴል ወይም ከእንስሳ በቀጥታ የወጣ ሴል ከሆነ ሥራችሁ፣ ሊፒዱን ሞክሩ፤ ፒኢአይ እዚያ ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ለኤችኢኬ 293 (ከሰው ኩላሊት ለተገኘው የተለመደ የላብራቶሪ ሴል) ግን ዱቄቱ በቂ ነው። ዲኤንኤውንና ፒኢአዩን ሴረም (የደም ፈሳሽ) በሌለው ሚዲየም (የሴል ምግብ) ቀላቅላችሁ 15 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። አቦል እንኳ አይደርስም።